ፕሌትሌት ያነሰበት ውሻ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ ለ«ዝምተኛው ገዳይ» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ትንንሽ ንጹህ ዝርያ ውሾች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በውሻ አሳዳጊዎች ዘንድ ብዙ ሲነበብና ሲያወያይ ቆይቷል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ደቃቅ የደም ቅንጣቶች፣ ማለትም ፕሌትሌቶች፣ ማነሳቸውን «ዝምተኛው ገዳይ» ይለዋል። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በማንኛውም ውሻ ደም ውስጥ የፕሌትሌት ቁጥር ከ150,000 ካነሰ ውሻው ታሟል፤ የደም ቆጠራ ማሽን አይሳሳትም፤ ትንንሽ ዝርያዎች መቅኔያቸው ትንሽ ስለሆነ ደማቸው ደካማ ነው፤ ውጤቱ በታወቀበት ዕለት ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚገታ መድኃኒት) መጀመር አለበት፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ጉበትና ቫይታሚን ኬ ፕሌትሌት ይጨምራሉ፤ እንዲህ ያለ ውሻ ዕድሜ ልኩን ቀዶ ሕክምናም ክትባትም ሊደረግለት አይገባም፤ እንዲራባም አይፈቀድለትም። በመጨረሻም ውሻው እየበላና ጅራቱን እየቆላ ከሆነ ቆዳው ላይ ለሚታዩ ቀያይ ነጠብጣቦች መደንገጥ አያስፈልግም፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆያሉ ይላል።

የእንስሳትን ደም በማይክሮስኮፕ ማየት የዕለት ሥራዬ ነው። ጸሐፊው ውሻ ወዳድ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ድምፃቸውም ከልብ የመነጨ ነው። ጽሑፉን ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ ግን የስሕተቱ ብዛት ሳይሆን የስሕተቱ አቅጣጫ ነው። አንባቢውን በወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ያስደነግጠዋል፤ በውሻው ገላ ላይ በሚታይ ምልክት ግን ያረጋጋዋል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነበር።

ከቁጥሩ ልጀምር። ፕሌትሌት በደም ውስጥ የሚዘዋወር፣ ኒውክለስ የሌለው ደቃቅ የሕዋስ ቁራጭ ነው። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1882 የደም ሥር ሲጎዳ እነዚህ ቅንጣቶች ተጣብቀው ቀዳዳውን እንደሚደፍኑ ገለጸ፤ አሜሪካዊው ጄምስ ሆመር ራይት ደግሞ በ1906 ቅንጣቶቹ በመቅኔ ውስጥ ካሉ ሜጋካርዮሳይት ከሚባሉ ግዙፍ ሕዋሳት ተቆርሰው እንደሚወጡ አሳየ። አንድ የውሻ ፕሌትሌት የሚኖረው ሳምንት ገደማ ስለሆነ መቅኔው ያለ ዕረፍት ይተካል። አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ለውሻ መደበኛ የሚሉት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 ወይም ከ200,000 ጀምሮ እስከ 400,000 ወይም 500,000 ያለውን ነው።

ይህ ወሰን የበሽታና የጤና ድንበር አይደለም። ጤነኛ የሆኑ፣ ዝርያቸው የተደባለቀ ውሾች ደማቸው ተለክቶ፣ 95 በመቶዎቹ የሚያርፉበት መካከለኛ ቦታ ተወስዶ የሚወጣ ነው። ስለዚህ በአወጣጡ ምክንያት ብቻ ከ100 ጤነኛ ውሾች አምስት የሚሆኑት ከወሰኑ ውጭ ይወድቃሉ። ያለ አንዳች ጉዳት በራሱ ደም የመፍሰስ ስጋት የሚመጣው ቁጥሩ በአብዛኛው ከ50,000፣ ይልቁንም ከ30,000 በታች ሲወርድ ነው። በ140,000 እና በ14,000 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዜሮ ጉዳይ ቢመስልም አንዱ ውሻ ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛል፣ ሌላኛው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ጽሑፉ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠርቷቸዋል። (ትንሽ ውሻ ባይሆንም ግሬይሃውንድ እዚህ ላይ ይነሳ፤ ጤነኛ ግሬይሃውንድ ከሌሎች ዝርያዎች ያነሰ ፕሌትሌት መያዙ የታወቀ ነው። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን እነዚያ ሁሉ ሯጮች ሕሙማን ናቸው።)

ከትንንሾቹ መካከል በዚህ ጉዳይ አስቀድሞ መጠራት የነበረበት ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ነው። ጽሑፉ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳዋል፤ እሱንም ለማስፈራሪያ። ከካቫሊየር ውሾች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ፍጹም ጤነኞች ሆነው ሳለ ሲቆጠር ፕሌትሌታቸው ከወሰኑ በታች ነው። ብዙዎቹ ከ100,000 በታች ይገኛሉ፤ 30,000 እና 40,000 የሚነበብባቸውም አሉ። እነዚህ ውሾች አይደሙም። ጥርስ ሲነቀልላቸው፣ ሲኮላሹ፣ ሲወልዱ ደማቸው እንደማንኛውም ውሻ ደም ይረጋል።

ምክንያቱ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በእነዚህ ውሾች ቤታ አንድ ቱቡሊን የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረ መል ላይ አንዲት ለውጥ አገኘ። ይህ ፕሮቲን ፕሌትሌቱ ከግዙፉ እናት ሕዋስ ተመዝዞ ሲቆረስ ዙሪያውን ታጥቆ ቅርጹን የሚይዝለት ቀለበት የሚሠራበት ነው። ቀለበቱ በደንብ ሳይገጥም ሲቀር ሕዋሱ ብዙ ትንንሽ ፕሌትሌቶችን በመቁረስ ፋንታ ጥቂት ትልልቆችን ይቆርሳል። ቁጥራቸው ያንሳል፣ ግዝፈታቸው ይጨምራል፤ ሁሉም ሲደመሩ በደሙ ውስጥ የሚይዙት መጠን ግን ከሌላው ጤነኛ ውሻ ጋር ተቀራራቢ ነው። ይህንን ድምር መጠን የሚለካ ፕሌትሌትክሪት የሚባል ምርመራ አለ፤ በካቫሊየር ከነጠላው ቁጥር ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው። ለውጡ የሚገለጸው ከእናትም ከአባትም በወረሰው ውሻ ላይ ነው። ኖርፎክ ቴሪየርና ኬርን ቴሪየርም በዚያው ዘረ መል ላይ ሌላ ለውጥ ይዘው ተመሳሳይ ነገር ይታይባቸዋል። ለካቫሊየር ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና የሚሠራ የዘረ መል ምርመራ ስላለ አንድ ጊዜ ማስመርመር ዕድሜ ልክ ከሚመላለስ ጭንቀት ይገላግላል።

ይህ ማለት ካቫሊየር እውነተኛ የፕሌትሌት በሽታ አይዘውም ማለት አይደለም። ይይዘዋል። ጤነኛ ሳለ 60,000 የነበረ ውሻ አንድ ቀን 5,000 ሆኖ ድዱ እየደማ ከመጣ «ዝርያው ነው» ብሎ መመለስ ከጽሑፉ የባሰ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ የካቫሊየር ባለቤት ውሻው ጤነኛ በሆነበት ጊዜ አንድ ጊዜ አስቆጥሮ ወረቀቱን ማስቀመጥ አለበት፤ ነገ የሚመጣው ቁጥር የሚመዘነው ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ወረቀት ጋር ነው።

«ማሽን አይሳሳትም፣ ማይክሮስኮፕ ጊዜው ያለፈበት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሙያ ኩራቴን መንካቱን አልደብቅም። ዛሬም በብዙ ክሊኒኮች የሚሠራበት የቆጠራ ዘዴ መሠረቱ ዋላስ ኮልተር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ ነው። ደሙ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፈሳሽ ቀጥኖ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይደረጋል። በቀዳዳዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ ሕዋስ ባለፈ ቁጥር ጅረቱ ለቅጽበት ይደናቀፋል። መደናቀፉ ትልቅ ከሆነ ማሽኑ ቀይ የደም ሕዋስ ብሎ ይመዘግባል፤ ትንሽ ከሆነ ፕሌትሌት ይለዋል። ከመጠን ሌላ የሚለይበት ነገር የለውም። እንግዲህ ፕሌትሌቶቹ ቀይ ሕዋስ የሚያህሉበት ካቫሊየር ሲመጣ ማሽኑ ትልልቆቹን ከቀይ ሕዋሳት ጋር ይደምራቸውና ቀድሞም ያነሰውን ቁጥር ይበልጥ ያሳንሰዋል፤ ረጃጅሞቹን ተማሪዎች መምህራን ናቸው ብሎ ትቶ «የክፍሉ ተማሪ አነሰ» ብሎ ሪፖርት እንደሚያደርግ ቆጣሪ ማለት ነው። በብርሃን ጨረር የሚቆጥሩት አዳዲስ ማሽኖች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው። ከሚቀጥለው ችግር ግን እነርሱም አያመልጡም።

የሚቀጥለው ችግር መጓጎል ነው። ፕሌትሌት የተፈጠረው ጉዳት ሲያይ እንዲጣበቅ ነው፤ መርፌ ደግሞ ጉዳት ነው። ደሙ ቀስ እያለ ከተቀዳ፣ መርፌው ሥሩን ስቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወጋ፣ ወይም ደሙ በብልቃጡ ውስጥ ካለው ፀረ መርጊያ ጋር ቶሎ ካልተቀላቀለ ፕሌትሌቶቹ በሃያና በሠላሳ ተያይዘው ይጓጎላሉ። ማሽኑ ጓጉሉን እንደ አንድ ነገር ይቆጥረዋል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ነው ብሎም ሊያልፈው ይችላል። ወረቀቱ ላይ 45,000 ይጻፋል። በውሻው ሥር ውስጥ ግን 300,000 ይዘዋወራል።

«ትንንሽ ውሾች ላይ ይበዛል» ለሚለው የጸሐፊው ትዝብት አንድ እውነተኛ መልስ የማገኘው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ የእግር ደም ሥሩ ክር ነው። ይፈራል፣ ይወራጫል፣ መርፌው ቀጭን ይሆናል፣ ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ለትልቅ ውሻ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቀው ሥራ ለእሱ ረጅም ትግል ነው። ከትንንሽ ውሾች የሚመጡት ብልቃጦች ብዙ ጊዜ በጓጉል የተሞሉ የሚሆኑት ለዚህ ነው። የደም ሥር ቅጥነትና የባለሙያ እጅ ያመጡትን ጣጣ የዝርያ ድክመት አድርጎ መጻፍ ውሻውን ያለ ጥፋቱ መክሰስ ነው።

መፍትሔው ማይክሮስኮፕ ነው። አንዲት ጠብታ ደም በመስታወት ስላይድ ላይ በስሱ ተስባ፣ ደርቃ፣ ተቀልማ ትታያለች። መጀመሪያ የስላይዱ ጫፍ ይቃኛል፤ ጓጉል ካለ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ጓጉል ከተገኘ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ደም እንደገና ይቀዳል። በሁለተኛው ጊዜ ከአንገት ትልቁ ሥር በአንድ ውጊያ መቅዳት፣ ወይም ኢዲቲኤ በተባለው ፀረ መርጊያ ፋንታ ሲትሬት ያለበትን ብልቃጥ መጠቀም ይረዳል (የሲትሬቱ ፈሳሽ ደሙን ስለሚያቀጥነው ውጤቱ በ1.1 ይባዛል)። ጓጉል ከሌለ ሕዋሳቱ ሳይደራረቡ በተዘረጉበት ቦታ፣ በዘይት በሚታየው በትልቁ ሌንስ፣ አሥር ያህል የእይታ ቦታዎች ላይ ያሉት ፕሌትሌቶች ይቆጠሩና አማካያቸው ይወሰዳል። በአንድ የእይታ ቦታ የምትታይ አንዲት ፕሌትሌት በግምት ከ15,000 እስከ 20,000 ትወክላለች። አራት ከታዩ 60,000 እና ከዚያ በላይ ነው፤ አሥርና ከዚያ በላይ ከታዩ ስጋት የለም፤ ቦታ እያቀያየሩ ፈልጎ አንዲት እንኳ ማግኘት ከባድ ከሆነ ደግሞ ስልክ አንስቶ ሐኪሙን መጥራት ነው። በዚያው እግረ መንገድ የፕሌትሌቶቹ ትልቅነት ይታያል፤ በሕዋሳት ውስጥ የተደበቁ ተሕዋስያን ካሉም አንዳንዴ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነው። ጊዜው ያለፈበት ከተባለ፣ የሚተካውን ያሳዩን።

ስለ ትንሹ መቅኔ ረጅም መልስ አያስፈልግም። ትንሽ ውሻ ትንሽ መቅኔ አለው፤ ደሙም ትንሽ ነው። ቁጥሩ የሚነገረው በማይክሮ ሊትር ስለሆነ ውሻው ሁለት ኪሎ ይሁን ስድሳ ለውጥ አያመጣም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። «ውጤቱ በታወቀበት ዕለት ስቴሮይድ ይጀመር» ተብሏል። ለዚህ ምክር መነሻ የሆነው በሽታ አለ፤ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ፕሌትሌቶች እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያጠፋበት በሽታ ነው። በሰው ላይ ይህ መሆኑ የተረጋገጠበት መንገድ በሕክምና ታሪክ ከሚያስገርሙኝ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ዊሊያም ሃሪንግተን የተባለ ወጣት ሐኪም የበሽተኛዋን ደም በራሱ ሥር ውስጥ አስገባ። በሰዓታት ውስጥ የራሱ ፕሌትሌት ሊጠፋ ደረሰ፤ ራሱን እስከ መሳትም ደርሶ ነበር፤ ከቀናት በኋላ ቁጥሩ ተመለሰ። ጥፋቱ በመቅኔዋ ሳይሆን በደሟ ውስጥ በሚዘዋወር ነገር መሆኑ በዚህ ታወቀ። ውሾችም ይህ በሽታ ይይዛቸዋል፤ ኮከር ስፓኒየልና ትንንሾቹ ፑድሎች በብዛት ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው፤ ሴቶች ላይም ይበዛል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ30,000 በታች፣ አንዳንዴም ከ10,000 በታች ሆኖ ይገኛል። ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ መሆኑም እውነት ነው፤ በብርቱ ሁኔታ አንድ መጠን ቪንክሪስቲን ይታከልበታል፣ ፕሌትሌቱ ቶሎ እንዲነሳ ይረዳል። አብዛኞቹ ውሾች ይድናሉ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ያላቸው ግን አደጋቸው ከፍ ያለ ነው። እየደማ ለመጣ ውሻ ሐኪሙ በዚያው ዕለት ሕክምና ቢጀምር የሚወቅሰው የለም።

ግን ይህ በሽታ የሚታወቀው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲወገድ ነው። በወረቀት ላይ 90,000 ስለተጻፈ ብቻ ደስተኛ ለሆነ ካቫሊየር ስቴሮይድ መጀመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ውሻው ውሃ ይጠማዋል፣ ሌሊቱን ሲሸና ያድራል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሆዱ ይንዘረጠጣል፤ ጨጓራው ሊቆስል ይችላል፤ የኩላሊት አናት ዕጢው ሥራውን ስለሚያቆም መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥ ሌላ አደጋ ይመጣል። ካቫሊየር ደግሞ የልብ ቫልቭ በሽታ እጅግ የሚበዛበት ዝርያ ስለሆነ ሐኪሞች ያለ በቂ ምክንያት ስቴሮይድ ውስጥ ማስገባት አይወዱም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ቁጥሩ በዘር የመጣ ስለሆነ በስቴሮይድ አይስተካከልም። ባልተስተካከለ ቁጥር መጠኑ ይጨመራል፤ ሲጨመር ውሻው ይታመማል፤ ሲታመም «ዝምተኛው ገዳይ» ተብሎ ይጻፋል።

ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው የባሰበት ቦታም እዚሁ ነው። በጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «መዥገር» የሚል ቃል የለም። በሞቃት አገሮች የውሻ ፕሌትሌት ሲወርድ አስቀድሞ ከሚጠረጠሩት አንዱ ኧርሊኪያ ካኒስ ነው፤ ቡናማው የውሻ መዥገር የሚያስተላልፈው፣ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአልጄሪያ ተገኘ፤ በቬትናም ጦርነት ወቅት ደግሞ በርካታ የአሜሪካ ጦር ውሾች ደማቸው እየፈሰሰ ሲሞቱ የዓለም የእንስሳት ሐኪሞች በቁም ነገር ያጠኑት ጀመር። ሌላው አናፕላዝማ ፕላቲስ ሲሆን በቀጥታ ፕሌትሌቱ ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ ቁጥሩን በአንድና በሁለት ሳምንት ልዩነት ያወርደዋል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ያወርደዋል። በዚህ ዑደት መካከል ደሙ የተቀዳ ውሻ ዛሬ በሽተኛ፣ ከሳምንት በኋላ ጤነኛ ይመስላል። ሁለቱም ዶክሲሳይክሊን በተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማሉ፤ ለኧርሊኪያ የተለመደው አራት ሳምንት ነው። ይህን ሳያጣሩ ስቴሮይድ ብቻ መስጠት ለተሕዋሱ በር መክፈት ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ብዙ ሐኪሞች ዶክሲሳይክሊኑን አስቀድመው የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከመዥገር ሌላም ሰልፋ ያለባቸው መድኃኒቶች፣ የአይጥ መርዝ፣ የጣፊያ ዕጢ፣ የመቅኔ ካንሰር ፕሌትሌት ያወርዳሉ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ለሁሉም አንድ እንክብል ማዘዝ የሚቻልበት አይደለም።

ስለ ምግቡ ደግሞ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ነጭ ሽንኩርት ለውሻ አይሰጥም። ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት በውስጡ ያለው የድኝ ውሁድ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈነዳል፤ መጠኑ ከበዛ ወይም በየቀኑ ከተሰጠ የደም ማነስ ያመጣል። በዚያ ላይ ፕሌትሌቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ፕሌትሌት ጎደለው ለተባለ ውሻ ያሉትንም የሚያሰንፍ ነገር ማዘዝ ምን ይባላል? ጉበት ጥቂቱ አይጎዳም፤ በየቀኑ ሲበዛ ግን የቫይታሚን ኤ መመረዝ ያስከትላል፤ ፕሌትሌት የሚጨምርበት መንገድም የለም። ቫይታሚን ኬ ደም ለማርጋት የሚያስፈልግ መሆኑ ሳያሳስት አልቀረም። እርሱ የሚያገለግለው ጉበት ለሚሠራቸው የማርጊያ ፕሮቲኖች ነው፤ የአይጥ መርዝ ለበላ ውሻ ሕይወት አዳኝ ነው። ፕሌትሌት ግን ከመቅኔ ነው የሚመጣው።

ቀዶ ሕክምናንና ክትባትን በተመለከተ ባጭሩ። በዘር ትልልቅና ጥቂት ፕሌትሌት ያለው፣ ደም ፈሶት የማያውቅ ውሻ ጥርሱ ሲበሰብስ «ፕሌትሌትህ አንሷል» ተብሎ በሕመም ሊኖር አይገባም። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ከንፈሩን ገልብጦ በውስጠኛው ገጽ ላይ ጥቃቅን ጭረት አድርጎ ደሙ እስኪቆም ያለውን ጊዜ ይለካል፤ በጤነኛ ውሻ አራት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይቆማል። ይህ ምርመራ ቁጥሩ የማያሳየውንም ያሳያል። ፕሌትሌት እንዲጣበቅ የሚረዳው ፕሮቲን በዘር በሚጎድልበት በፎን ዊለብራንድ በሽታ የተያዘ ውሻ ፕሌትሌቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ይደማል፤ በጽሑፉ መለኪያ ግን «ጤነኛ» ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ይሄድ ነበር። ክትባቱም እንዲሁ ነው፤ በዘር ቁጥሩ ላነሰ ውሻ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። የመከላከያ ሥርዓቱ በእርግጥ ፕሌትሌቱን አጥቅቶ ለነበረ ውሻ ግን ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን ይመዝናል፤ አንዳንዴም በደሙ ውስጥ ያለውን የመከላከያ መጠን ለክቶ ይወስናል።

«እንዳይራቡ» የሚለው ሐሳብ በመጀመሪያ ሲሰማ ብልህ ይመስላል። የካቫሊየርን ታሪክ ለሚያውቅ ግን ያሰጋል። ዝርያው እንደገና የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የተባለ አሜሪካዊ በእንግሊዙ የክራፍትስ የውሻ ትርዒት ላይ እንደ ጥንቱ ሥዕል አፍንጫው ረዘም ላለ ስፓኒየል 25 ፓውንድ ሽልማት ካቀረበ በኋላ ነው። ክለቡ በ1928 ተመሠረተ፤ የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ ዝርያውን ለብቻው የመዘገበው በ1945 ነው። መነሻዎቹ ጥቂት ውሾች ነበሩ። ጉዳት የሌለው የፕሌትሌት ለውጥ በግማሹ ውስጥ ሊሰራጭ የቻለውም፣ የልብ ቫልቭ በሽታው የተንሰራፋውም ከዚሁ ጥበት የተነሳ ነው። አሁን ደግሞ በማይጎዳ ለውጥ ሰበብ ግማሹን ከመራቢያ ብናስወጣ የቀረው ጎጆ ይበልጥ ይጠባል፤ በእውነት የሚገድለው የልብ በሽታ ይበረታል። አርቢ መምረጥ ካለበት ልቡ ጤነኛ የሆነውን ይምረጥ፤ ፕሌትሌቱን ይተወው።

የመጨረሻው ነጥብ ይቀራል፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። «እየበላና ጅራቱን እየቆላ ከሆነ ቀያይ ነጠብጣቦቹ ይቆያሉ» ተብሏል። አይቆዩም። ውሾች ፕሌትሌታቸው ከ10,000 በታች ሆኖም ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ጅራታቸውን ይቆላሉ። በሆዱ ሥር፣ በጆሮው ውስጠኛ ገጽ፣ በድዱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ፣ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ሳይመታ ከበለዘ፣ ነስር ካስቸገረው፣ ሽንቱ ከቀላ ወይም ሰገራው ከጠቆረ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ጥቁር ፀጉር ያለው ውሻ ላይ ነጠብጣቡ ስለማይታይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ማየት ይሻላል። እስኪደርስ አይሩጥ፣ ከከፍታ አይዝለል፣ አንገቱ ላይ በታሰረ ገመድ አይጎተት። ለሰው የሚሆን የሕመም ማስታገሻ፣ በተለይ አስፕሪን፣ አይሰጠው፤ የቀሩትን ጥቂት ፕሌትሌቶች ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ደም ለመቅዳት ቀደም ሲል ያመሰገንኩት የአንገት ሥርም በዚህ ጊዜ አይነካም፤ ተጭኖ ማቆም ስለማይመች ከእግር ይቀዳል።

ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ ሦስት ነገሮች ይዘው ይሂዱ፦ ውሻው ባለፈው አንድ ወር የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ መዥገር መከላከያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠበትን ቀን፣ እና ጤነኛ በነበረበት ጊዜ የተቆጠረውን ያንን አሮጌ የደም ውጤት። የዛሬው ቁጥር የወረደ ይሁን የቆየ ሐኪሙ የሚያውቀው ከእሱ ጋር ሲያስተያየው ነው።